እርሳስና ካድሚየምን ከፍሳሽ ማውጣት፦ የአልጂኔት፣ የካርቦንና የማግኔታይት እንክብል አሠራርና አጠቃቀም

በሊትር 50 ሚሊ ግራም እርሳስ (ሊድ) ከያዘ ፍሳሽ 99 በመቶው ቢወጣ ሥራው ያለቀ ይመስላል። የቀረው ግን በሊትር 0.5 ሚሊ ግራም ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ካስቀመጠው የ10 ማይክሮ ግራም ጣሪያ 50 እጥፍ። ፍሳሽ በመጠጥ ውሃ መለኪያ አይለካም፣ እውነት ነው። ነገር ግን ወንዝ የገባ እርሳስ አይበሰብስም፣ ባክቴሪያም አይበላውም፤ ደለል ውስጥ ተኝቶ ይቆያል። ስለዚህ ከዚህ በታች ባለው ሥራ ሁሉ መጠየቅ ያለበት “ስንት በመቶ ወጣ?” ሳይሆን “በሊትር ስንት ቀረ?” ነው።

የምንሠራው ጥምር ቁስ ሦስት ነገሮች በአንድ እንክብል የታቀፉበት ነው። አልጂኔት ከቡናማ የባሕር አልጌ የሚወጣ ሲሆን ዋናውን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው፤ የያዘውን ካልሲየም ለቆ በምትኩ እርሳሱን ይይዛል። አክቲቬትድ ካርቦኑ (ጥቃቅን ቀዳዳ የበዛበት ከሰል) ቀለምንና ኦርጋኒክ ቆሻሻን ይወስዳል፣ እንክብሉንም ያጠነክረዋል። ማግኔታይቱ (ማግኔት የሚስበው ጥቁር የብረት ኦክሳይድ) ደግሞ ሥራው ሲያልቅ እንክብሉን ከበርሜል ውስጥ በማግኔት ለመሰብሰብ ነው። ፍሳሹን በቱቦ ውስጥ የምታሳልፉ ከሆነ እንክብሉ ከቦታው ስለማይነቃነቅ ማግኔታይቱን ተዉት፤ በከንቱ አትድከሙ።

መጀመሪያ ውሃውን እወቁ

ብዙ ሙከራ የሚከሽፈው እንክብሉ ስለከፋ ሳይሆን ለማይሆነው ውሃ ስለተመረጠ ነው። ከምንም በፊት የፍሳሹን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ)፣ የሟሟውንና ጠቅላላውን የብረት (የእርሳስ፣ የካድሚየምና የመሳሰሉት ብረታ ብረቶች) መጠን፣ ካልሲየሙን፣ ሶዲየሙን፣ ፎስፌቱን፣ ተንሳፋፊ ደለሉንና ዘይቱን አስለኩ። የሟሟውን ለማወቅ ናሙናው እዚያው በተቀዳበት ቦታ በ0.45 ማይክሮን ማጣሪያ ይለፍ፤ ከዚያ በናይትሪክ አሲድ ፒኤቹ ከ2 በታች ይውረድ። አሲዱን ከማጣራት በፊት ከጨመራችሁት ደለሉ ላይ የተጣበቀው ብረት ይሟሟና ቁጥሩ ይዛባል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ መቅደም አለበት። ፍሳሹ ከብረት ልባጥ ሥራ የመጣ ከሆነ ሳያናይድ ሊኖርበት ይችላል። ሳያናይድ ያለበት ውሃ ላይ አሲድ ማፍሰስ ገዳይ ጋዝ ያስነሳል። ሳያናይድ እንደሌለበት በምርመራ ሳይረጋገጥ አሲድ አይነካውም፤ ለናሙናውም ቢሆን።

አልጂኔት ሁሉንም ብረት እኩል አይወድም። ከሁሉ አስበልጦ እርሳስን ይይዛል፤ ቀጥሎ መዳብን፣ ከዚያ ካድሚየምን። ካልሲየም ከእነዚህ በታች ነው፤ ኒኬልና ዚንክ ግን ከካልሲየም አይሻሉም። ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ ካልሲየም በበዛበት ውሃ ውስጥ ያለ ኒኬልን በዚህ እንክብል አወጣለሁ ማለት አይቻልም። ባለ ስድስት (ሄክሳቫለንት) ክሮሚየምም አይሆንም፤ በውሃ ውስጥ አሉታዊ ሙል ይዞ ስለሚዞር፣ አሉታዊ ሙል ያለው አልጂኔት ይገፋዋል። ለእሱ የሚበጀው በፒኤች 2 እስከ 3 በሶዲየም ሜታባይሰልፋይት ወደ ባለ ሦስት መቀየርና ፒኤቹን ወደ 8 ወይም 9 አንስቶ ማዝቀጥ ነው። ይህ ሥራ የሚያፍን የሰልፈር ዳይኦክሳይድ ጋዝ ስለሚያወጣ አየር በደንብ በሚዘዋወርበት ቦታ ብቻ ይሠራ። ለአርሴኒክ ደግሞ የብረት ኦክሳይድ የተሻለ ነው።

ፎስፌት፣ ሲትሬት ወይም ኢዲቲኤ (ብረትን አጥብቆ የሚያስር ኬሚካል) በብዛት ያለበት ፍሳሽ ከሆነ ሌላ ቁስ ፈልጉ። ሦስቱም እንክብሉን አስሮ የያዘውን ካልሲየም ነጥቀው ይወስዳሉ፤ ማታ ያስገባችሁት እንክብል ጠዋት ጥቁር ንፍጥ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

ማግኔታይቱ

ለ5 ግራም ማግኔታይት 11.7 ግራም ፌሪክ ክሎራይድ ሄክሳሃይድሬትና 6.0 ግራም ፌረስ ሰልፌት ሄፕታሃይድሬት ያስፈልጋል። ይህ ልክ ባለ ሦስቱን ብረት (የፌሪኩን አይረን) ከባለ ሁለቱ (ከፌረሱ) 2 ለ 1 ያደርገዋል። ፌረስ ሰልፌቱ ፈዛዛ አረንጓዴ መሆን አለበት። ቢጫ ወይም ቡናማ ዱቄት የለበሰ ከሆነ ኦክሲጅን በልቶታል፤ ሚዛኑ ትክክል ቢልም ልኩ 2 ለ 1 አይሆንም።

250 ሚሊ ሊትር ዲስቲልድ ውሃ አፍልታችሁ ከድናችሁ አቀዝቅዙ፤ መፍላቱ በውስጡ የሟሟውን አየር ያስወጣዋል። ሁለቱን ጨዎች አሟሙበትና ወደ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሙቁት። በመስታወት ወይም በፕላስቲክ ማማሰያ እያማሰላችሁ 100 ሚሊ ሊትር ባለ 2 ሞላር (በሊትር 2 ሞል) ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጨምሩ። የማግኔት ማማሰያ አትጠቀሙ፤ የሠራችሁት ሁሉ ማማሰያው ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ብጥብጡ ወዲያው ኩል መስሎ ይጠቁራል። ፒኤቹ ከ10 በላይ መድረሱን አረጋግጡና ለ30 ደቂቃ በዚያው ሙቀት አቆዩት።

ከቢከሩ ጎን ጠንካራ ማግኔት ስታስጠጉ ጥቁሩ ነገር ወደዚያው ተሰብስቦ ውሃው መጥራት አለበት። ውሃው ቡናማ ሆኖ ከቀረ ወይም የዝገት ቀለም ካለው አየር ገብቷል፣ አለዚያ ፌረስ ሰልፌቱ አርጅቷል፤ ለማዳን አትሞክሩ፣ እንደገና ሥሩት። የተሳካውን በማግኔት እየያዛችሁ ቢያንስ አምስት ጊዜ እጠቡት። ውስጡ የቀረ ሰልፌት በኋላ እርሳሱን በራሱ ያዘቅጠውና ልኬታችሁን ያበላሸዋል። አታድርቁት፤ ከደረቀ ይጓጉላል፣ ተመልሶም በደንብ አይበተንም።

ካርቦኑ

10 ግራም በ75 ማይክሮን ወንፊት የሚያልፍ አክቲቬትድ ካርቦን በ0.1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ለአንድ ሰዓት ነክራችሁ፣ ያጠባችሁበት ውሃ ፒኤች 6 እስከ 7 እስኪሆን አለቅልቁት። ይህን ደረጃ የሚዘልሉ ብዙ ናቸው፣ የሚከፍሉትም በኋላ ነው። ያልታጠበ ካርቦን አመድ ይይዛል፤ አመዱ የውሃውን ፒኤች ከፍ ያደርጋል፤ ፒኤቹ ከፍ ሲል እርሳሱ በሃይድሮክሳይድ መልክ ይዘቅጣል። ሠሪው ካርቦኑ የያዘው መስሎት ይደሰታል፤ ውሃው አሲድ ባገኘ ጊዜ ግን እርሳሱ ተመልሶ ይሟሟል።

እንክብሉን ማንጠባጠብ

20 ግራም ሶዲየም አልጂኔት በ800 ሚሊ ሊትር ዲስቲልድ ውሃ ይሟሟል። ዱቄቱን በአንድ ጊዜ ካፈሰሳችሁት ላዩ ረጥቦ ውስጡ ደረቅ የሆነ ጓል ይሠራል፤ ያንን መፍታት ቀን ይፈጃል። 40 ዲግሪ አካባቢ የሞቀውን ውሃ በኃይል እያሽከረከራችሁ ዱቄቱን በአዙሪቱ ላይ በጣት እየነሰነሳችሁ ጨምሩ። ሁለት ሦስት ሰዓት ከተማሰለ በኋላ እንደ ስስ ማር ይሆናል።

የታጠበውን ካርቦንና እርጥቡን ማግኔታይት በ200 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውሃ በጥብጣችሁ ከአልጂኔቱ ጋር ቀላቅሉ። ሙቁ ውሃ ከካርቦኑ ቀዳዳዎች አየር ያስወጣል። ድብልቁን በ250 ማይክሮን ወንፊት አሳልፉት፤ ካለዚያ መርፌው በየደቂቃው ይደፈናል። ከዚያ ሳትነኩት ሌሊቱን ይደር፤ ማደሩ አረፋው እንዲወጣ ነው። አረፋ የያዘ እንክብል ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፣ ብረትም አያገኝም። ጠዋት ታች የረጋ ካርቦን ካለ ቀስ ብላችሁ አማስሉ።

ማጠንከሪያው 0.2 ሞላር ካልሲየም ክሎራይድ ነው፦ 29.4 ግራም ካልሲየም ክሎራይድ ዳይሃይድሬት በአንድ ሊትር፤ ለዚህ ሥራ ሁለት ሊትር አዘጋጁ። ድብልቁን ከ0.5 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ባለው ጫፍ፣ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ሆናችሁ አንጠባጥቡ። ጠብታው ውሃውን ሲነካ ላዩ በቅጽበት ይጠነክራል፣ ውስጡ ግን ገና ፈሳሽ ነው፤ በዚያ ጊዜ ሁለት ጠብታ ከተነካካ ይጣበቃል። ስለዚህ ብጥብጡ በዝግታ ይዙር። እንክብሉ ጭራ ካወጣ ከፍታው አንሷል ወይም ድብልቁ ወፍሯል፤ ከተለጠጠ ደግሞ ከፍታው በዝቷል።

መጠኑን አትናቁት። ብረቱ ወደ እንክብሉ ልብ የሚደርስበት ጊዜ ከውፍረቱ ካሬ ጋር ነው የሚሄደው። የ4 ሚሊ ሜትሩን እንክብል ወደ 2 ብታሳንሱት ጊዜው ወደ ሩብ ይወርዳል። ከዚህ በላይ ካሳነሳችሁት ግን በቱቦ ውስጥ ውሃ ማሳለፍ ያስቸግራል። 2 እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር ጥሩ መካከለኛ ነው።

እንክብሎቹን በካልሲየሙ ውስጥ 12 እስከ 24 ሰዓት አቆዩ፣ ከዚያ በዲስቲልድ ውሃ እጠቡ። መታጠቡን ለማወቅ ያጠባችሁበት ውሃ ላይ አንድ ጠብታ ሲልቨር ናይትሬት ጣል አድርጉ፤ ነጭ ደመና ካልታየ ክሎራይዱ ወጥቷል። በስስ ካልሲየም ክሎራይድ (0.02 ሞላር ይበቃል) ውስጥ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጥ። ማድረቅ ቦታ ይቆጥባል፣ ግን የደረቀ እንክብል ሟሽሾ ወደ ቀድሞ መጠኑ ስለማይመለስ ብረት የሚይዘው በዝግታ ነው።

ሙከራው፦ ራስን ላለማታለል

እርጥቡ እንክብል አብዛኛው ውሃ ነው። የመያዝ አቅሙ የሚሰላው ግን በደረቁ ክብደት ነው። ውሃውን በወረቀት ካነሳችሁለት በኋላ 5 ግራም ያህል መዝናችሁ በ105 ዲግሪ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አድርቁት፤ በሦስት ናሙና ይሁን። ደረቁ 5 በመቶ ሆነ እንበል፤ እንግዲያውስ 1 ግራም እርጥብ ማለት 0.05 ግራም ደረቅ ነው።

ለመነሻ 1.60 ግራም ሊድ ናይትሬት (የእርሳስ ጨው) በአንድ ሊትር ዲስቲልድ ውሃ አሟሙ፤ ይህ በሊትር 1000 ሚሊ ግራም እርሳስ ይሰጣል። ከዚህ 50 ሚሊ ሊትር ወስዳችሁ ወደ አንድ ሊትር ብታሳድጉት በሊትር 50 ሚሊ ግራም ይሆናል። የቧንቧ ውሃ አትጠቀሙ፤ በውስጡ ያለው ካርቦኔት እርሳሱን ያዘቅጠዋል። ጓንትና መነጽር ሳይደረግ ይህ ሥራ አይነካም።

ፒኤቹን በስስ ናይትሪክ አሲድና በስስ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ወደ 5.0 እስከ 5.5 አምጡት። ከ3 በታች ከሆነ የሃይድሮጂን አዮኖች ቦታውን ቀድመው ይይዙታል። ከ6 በላይ ሲሆን እርሳሱ በራሱ መዝቀጥ ይጀምራል፤ ያኔ እንክብሉ የሠራውንና ያልሠራውን መለየት አይቻልም። የአሴቴት ወይም የፎስፌት ባፈር (ፒኤች እንዳይዋዥቅ የሚያደርግ) አትጨምሩ፤ የመጀመሪያው እርሳሱን ያስረዋል፣ ሁለተኛው እንክብሉን ያፈርሰዋል።

በ100 ሚሊ ሊትር ብጥብጥ ውስጥ 1 ግራም እርጥብ እንክብል ጨምሩና አወዛውዙ። በ5፣ 15፣ 30፣ 60፣ 120፣ 240 ደቂቃና በ24 ሰዓት ናሙና ይወሰድ፤ ሆኖም ከአንድ ጠርሙስ ደጋግሞ መቅዳት መጠኑን ስለሚያዛባ ለእያንዳንዱ ሰዓት የራሱን ጠርሙስ መድቡ። ከጎን እንክብል የሌለበት፣ በሌላው ነገር ሁሉ ተመሳሳይ የሆነ ጠርሙስ ይኑር። 24 ሰዓት ቆይቶ በዚህ ባዶ ጠርሙስ ውስጥ ያለው እርሳስ ከቀነሰ፣ ወይ ዘቅጧል ወይ ጠርሙሱና ማጣሪያው ላይ ተጣብቋል። ባዶው ጠርሙስ የሌለበትን ሙከራ አትመኑ፣ የማንም ይሁን።

ስሌቱ ቀላል ነው፦ መነሻው ሲቀነስ የቀረው፣ ሲባዛ በውሃው መጠን በሊትር፣ ሲካፈል ለደረቁ ክብደት በግራም። 50 ሚሊ ግራም ገብቶ 4 ቢቀር፦ 46 ሲባዛ በ0.1 ሊትር ሲካፈል ለ0.05 ግራም፣ 92 ሚሊ ግራም በግራም ይሆናል። የእርሳሱን መጠን በአቶሚክ አብዞርፕሽን ወይም በአይሲፒ ማሽን አስለኩ፤ በዓይን ከቀለም የሚገመት ነገር አይደለም።

ቀጥሎ መነሻውን ከ1 እስከ 200 ሚሊ ግራም እየቀያየራችሁ በላንግሚየር ቀመር (የተያዘውን መጠን በውሃው ከቀረው ጋር የሚያያይዝ) ማየት ትችላላችሁ፦ በውሃው ውስጥ የቀረውን ለተያዘው አካፍላችሁ ከቀረው ጋር በግራፍ ስትስሉ ቀጥ ያለ መስመር ከወጣ፣ የመስመሩ ዝንባሌ ግልብጥ (1 ሲካፈል ለዝንባሌው) ከፍተኛው አቅም ነው። ይሁን እንጂ ትልቁ ቁጥር እንዳያሳስታችሁ። ከፍተኛው አቅም የሚታየው ውሃው በእርሳስ ሲጥለቀለቅ ነው፤ እናንተ ግን የምትፈልጉት ጥቂት ማይክሮ ግራም ብቻ ሲቀር እንክብሉ ምን ያህል እንደሚይዝ ነው። ስለዚህ ከግራፉ የታችኛው ጫፍ ላይ ብዙ ነጥብ ይኑር።

ከዚያ ይህን ሁሉ በእውነተኛው ፍሳሽ ድገሙት። በዲስቲልድ ውሃ 92 የያዘ እንክብል ካልሲየምና ኦርጋኒክ አሲድ በሞላበት ፍሳሽ ግማሹንም ላይዝ ይችላል። ለዕቅድ የሚያገለግለው ይኸኛው ቁጥር ነው።

ወደ ቱቦው

በሊትር በመቶ ሚሊ ግራም የሚቆጠር ብረት ያለበትን ፍሳሽ በቀጥታ ወደ እንክብል መስደድ ብክነት ነው። በመጀመሪያ ፒኤቹን ወደ 9 አንስታችሁ አብዛኛውን አዝቅጡ፣ ዝቃጩን ለዩ፣ የጠራውንም በአሸዋ አሳልፉ። ከዚያ በኋላ ብቻ ፒኤቹን ወደ 5.5 አውርዱ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠና ዝቃጩ ሳይወጣ አሲድ ከገባ የዘቀጠው ሁሉ ተመልሶ ይሟሟል። ለማዝቀጫ ኖራ ርካሽ ነው፣ ነገር ግን ከእንክብሉ ጋር የሚሻማ ካልሲየም ይጨምራል። ለእርሳስ ይህ ብዙ አይጎዳም፤ ለካድሚየም ግን ሶዲየም ሃይድሮክሳይድን እንመርጣለን። በዚያ ጊዜ ደግሞ ሶዲየም እንክብሉን ስለሚያለሰልሰው የቱቦውን እንክብል ከወትሮው ቶሎ ቶሎ በጣት ጨመቅ እያደረጋችሁ ፈትሹ።

የቱቦው ውስጠኛ ስፋት ከእንክብሉ ቢያንስ 20 እጥፍ ይሁን፤ ጠባብ ከሆነ ውሃው በግድግዳው ጥግ ሾልኮ ያልፋል። ለ2.5 ሚሊ ሜትር እንክብል የ50 ሚሊ ሜትር ቱቦ ይሆናል። እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ቢሞላ አልጋው (በእንክብል የተሞላው የቱቦው ክፍል) 590 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። በደቂቃ 20 ሚሊ ሊትር ብታሳልፉ፣ በአልጋው ሙሉ መጠን ሲሰላ ጊዜው ግማሽ ሰዓት ያህል ነው፤ ውሃው በእንክብሎቹ መካከል የሚቆየው ግን ከዚያ ያነሰ ነው። ፍሰቱ ከታች ወደ ላይ ይሁን፤ እንክብሉ ለስላሳ ስለሆነ ከላይ የሚወርድ ውሃ ይጨፈልቀዋል፣ ግፊቱም በየቀኑ ይጨምራል።

ስንት ጊዜ ያገለግላል? የአልጋው 60 በመቶ እንክብል ቢሆን 350 ሚሊ ሊትር ነው፤ 5 በመቶው ደረቅ ቢሆን 17.5 ግራም። በእውነተኛው ፍሳሽ የተገኘው አቅም 40 ሚሊ ግራም በግራም ቢሆን 700 ሚሊ ግራም እርሳስ ይይዛል። የሚገባው ውሃ በሊትር 5 ሚሊ ግራም ካለበት ወደ 140 ሊትር ነው፤ በዚህ ፍሰት 117 ሰዓት። ይህ ግምት ከላይ የሚታይ ጣሪያ ነው፤ ቱቦው እርሳስ ማሳለፍ የሚጀምረው ከዚያ በፊት ነው። ለዚህ ነው ሁለት ቱቦ በተከታታይ የሚደረገው። የፊተኛው እርሳስ ሲያሳልፍ የኋለኛው ይይዛል፤ ከዚያ የፊተኛው ለእጥበት ይወጣና የኋለኛው ወደ ፊት ይመጣል። ናሙና ከሁለቱም መውጫ ይወሰድ።

ማጠብና ማስወገድ

የጠገበ እንክብል በ0.1 ሞላር ናይትሪክ አሲድ ለ30 እስከ 60 ደቂቃ ይታጠባል። ከ65 በመቶው አሲድ 7 ሚሊ ሊትር ወደ አንድ ሊትር ውሃ ይጨመራል፤ ምንጊዜም አሲዱ ወደ ውሃው እንጂ ውሃው ወደ አሲዱ አይፈስም። ከሰዓት በላይ አታቆዩት፣ አሲዱ ማግኔታይቱን መብላት ይጀምራል። ሌሎች ቁሶች በኢዲቲኤ እንደሚታጠቡ ብታዩም ለዚህ እንክብል አትሞክሩት፤ ካልሲየሙን ነጥቆ ያፈርሰዋል። ከአሲድ የወጣውን እንክብል ወዲያው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ መክተትም ያሟሟዋል። በውሃ አለቅልቃችሁ ቀጥታ ወደ 0.2 ሞላር ካልሲየም ክሎራይድ መልሱት፤ ሃይድሮጂን እየለቀቀ ፒኤቹ ስለሚወርድ በኖራ ውሃ ወደ 5 እስከ 6 እያነሳችሁ ሌሊቱን ይደር። በየዙሩ አቅሙን መዝግቡ፤ ከመጀመሪያው 70 በመቶ በታች ሲወርድ እንክብሉን ቀይሩ።

የታጠበበት አሲድ ትንሽ ነው፣ በውስጡ ያለው እርሳስ ግን ከብዙ ሊትር ፍሳሽ የተሰበሰበ ነው። ወደ ማፍሰሻ አይደፋም። በኖራ ፒኤቹ 9 ይደረግና ዝቃጩ ይለይ፤ የተረፈው ውሃ ወደ ፍሳሹ መነሻ ጋን ተመልሶ እንደገና ይታከም።

ያረጀው እንክብልና ዝቃጩ አደገኛ ቆሻሻ ናቸው። ሜዳ ላይ ማቃጠል እርሳሱን ወደ ጭስና ወደ አመድ ይበትነዋል፤ ለማዳበሪያ ወይም ለአፈር መሙያ መስጠትም ወደ ሰው ሳህን መመለስ ነው። ፈቃድ ያለው አስወጋጅ በሌለበት በሲሚንቶ ማሰር ይሠራል፣ የሚበጀውን ልክ ግን በትንንሽ ናሙና ፈልጉት። ለ28 ቀን የጠናውን ሲሚንቶ ፈጭታችሁ ከክብደቱ 20 እጥፍ በሆነ ስስ አሴቲክ አሲድ ለ18 ሰዓት አሽከርክሩት፤ ከዚያ ፈሳሹን አስለኩ። ይህ የአሜሪካ የማፍሰስ ፈተና ሲሆን ለእርሳስ በሊትር 5፣ ለካድሚየም በሊትር 1 ሚሊ ግራም ገደብ አለው። ከገደቡ ካለፈ ሲሚንቶው ይጨመርና እንደገና ይፈተን፤ እስኪያልፍ ድረስ ዝቃጩ የብረቱ ስም፣ ቀንና መጠን ተጽፎበት በተከደነ ፕላስቲክ በርሜል ይቆይ።